ስለ ቅዳሜና እሑድ ጉዞአችን ጥቂት ቃል

አንደኛ ዓመትን ከእኛ ጋራ ጀምራ በኋላ ከቤተ ሰቦችዋ ጋራ ወደ አሜሪካ የሄደች አንዲት የክፍላችን ልጅ ባለፈው ወር ከቨርጂኒያ ፎቶግራፍ ላከችልን። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው መኪና ነው፤ ነገር ግን በመኪናው ውስጥ አልጋ አለ፥ ምድጃ አለ፥ የእጅ መታጠቢያ አለ፥ መጋረጃም አለ። ካምፐር ቫን ይሉታል። እርስዋና ጓደኞችዋ ዐርብ ማታ ይከራዩታል፤ አንድ ሳምንት ሸናንዶዋ ወደሚባለው ተራራ ወጥተው ያድሩበታል፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ነድተው እግራቸውን ባሕር ውስጥ ይነክራሉ፤ እሑድ ማታ መኪናውን ጠርገው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ከሥሩ «ምድጃው ላይ ሽሮ ሠራን» ብላ ጽፋለች።

ይህ ፎቶግራፍ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል ዞረ። ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። «አይ የሰው አገር!» ያለም ነበረ። ብዕራችንን ያስነሣን ይኸው የከንፈር መጠጣ ነው። ምክንያቱም ከንፈሩን ከመጠጠው ጓደኛችን መስኮት ሆኖ ለሚመለከት፥ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ፥ የየረር ተራራ ይታያል። ጓደኛችን ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የተራራውን ስም አያውቀውም ነበር።

በእርግጥ ባሕር የለንም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ምጽዋም ዓሰብም የሌላ አገር ወደቦች ናቸውና እኛ «ዳርቻ» ስንል የሐይቅ ዳርቻ ማለታችን ነው፤ በዚህ የሚከፋው አንባቢ ካለ ክርክሩን በሌላ እትም እንቀበላለን። አልጋና ምድጃ ያለው የኪራይ መኪናም በየመንገዱ አናገኝም። የምናገኘው ሚኒባስ ነው። ሚኒባስ ግን ካወቁበት ያደርሳል፥ ያሳድራልም። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ሳይሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ተሰባስበን አንድ ጊዜ ወደ ዝቋላ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ላንጋኖ ስለ ሄድን ነው። የሠራነውን ጥፋትም አብረን እንናገራለን፤ ጥፋቱ የሚበልጥ ይመስለናልና።

ሚኒባስ መከራየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በእኛ ፋኩልቲ ግን አይሰጥም። ለዝቋላው ጉዞ በደላላ አማካይነት አንድ ደኅና መኪና አየን፥ ዋጋ ተነጋገርን፥ ቀብድ ከፈልን። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ላይ የቆመው መኪና ግን ያየነው አልነበረም። ዋጋውም ያ ዋጋ አልነበረም፤ «ነዳጅን አይጨምርም» ተባልን። ሻንጣችንን ተሸክመን በብርድ ቆመናል፤ ስለዚህ ከፈልን። ጉዞው ሲጋመስ ጎማ ፈነዳ፤ ስኮርታው ሲወርድ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሰዓት በመንገድ ዳር ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ሳንሰጥ በፊት ሊብሬውንና ቦሎውን እናያለን፤ ስኮርታውንና ክሪኩን አውርደን በእጃችን እንዳስሳለን፤ ነዳጁ በማን እንደ ሆነ፥ የሾፌሩ ምግብና መኝታ በማን እንደ ሆነ በወረቀት እናስጽፋለን። ደላላው ይሥቅብናል። ይሣቅ።

ስለ ሾፌሩም አንድ ነገር እንናገር። ወደ ላንጋኖ የወሰደን ሰው ዕድሜው ከአባቶቻችን የማያንስ ነበርና «ጋሼ» እያልን ነው የተጓዝነው። ሞጆ ለቁርስ ስንቆም ዐርብ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ሲሠራ ቆይቶ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለእኛ እንደ ተነሣ ነገረን። ከኋላ ያለነው ስንዘፍንና ስናጨበጭብ እሱ ዐይኑን እያሸ ይነዳ ነበር ማለት ነው። አንዱ ልጅ «ጋሼ፥ እርስዎም ቅዳሜና እሑድን ከእኛ ጋራ ይዝናኑ እንጂ» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ እናንተ ለመዝናናት ወጣችሁ፤ እኔ ግን ቅዳሜዬን ለእናንተ ሸጬ ነው የመጣሁት» አሉ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ቀነሰ። ሞጆ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል አስተኝተናቸው ነው የቀጠልነው፤ ከጨለማ በፊትም መቆም እንዳለብን ያን ጊዜ ተስማማን። በአገራችን መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደሚያልቅ እያነበብን የደከመ ሾፌር አስነድተን «ተዝናናን» ብንል ማን ያምነናል?

ወደ ዝቋላ እንመለስ። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ብቻውን የቆመ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር የሆነ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። በአናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ አጠገብ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ቀን ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፍበታል። እኛ የሄድነው በተራ ቅዳሜ ስለ ነበር መንገዱ የእኛ ብቻ ነበረ። ሚኒባሱ ዳገቱን አልችል ስላለ ከሥር ቀረ፥ እኛ በእግራችን ወጣን። ከላይ ስንደርስ ሐይቁን የከበበው ጽድ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ወደ ታች የተመለከትን እንደ ሆነ ግን ከገዳሙ ይዞታ በታች ያለው ተዳፋት የተራቆተ ነው። ጂኦግራፊ የሚማረው ልጅ ተራራው እንዴት እንደ ፈነዳ ማስረዳት ጀመረ። አንድ አባት መነኩሴ ቆመው እስከ መጨረሻው ካዳመጡት በኋላ ውኃው ጠበል መሆኑንና እግራችንን እንዳናጥብበት ነገሩን። ሁለቱም አልተከራከሩም።

ከዚያ ቀን የማንረሳው ግን ሐይቁን አይደለም። ስንወርድ ውኃ ጠማንና ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ቆምን። አንዲት እናት ወጥተው በኦሮምኛ ጠየቁን። አሥራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እርስ በርሳችን ተያየን። መመለስ የቻለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአርሲ የመጣው፥ በጉዞው ሁሉ ዝምተኛ የነበረው ነው። ውኃ ተሰጠን። እናትዮዋ ምን ልንሠራ እንደ መጣን ጠየቁት፤ «ለማየት» ብሎ መለሰላቸው። «ምኑን?» አሉት። ልጁ ይህን ተርጉሞ ሲነግረን መልስ አላገኘንለትም። ስለ መሬት ሥሪት ታሪክ በዚያው ወሰነ ትምህርት ወረቀት ጽፈን ጥሩ ውጤት ያገኘን ነበርን፤ ሆኖም በዚያው መሬት ላይ ቆመን ውኃ መለመን አልቻልንም።

እንግዲህ «አገር በተጨነቀችበት ሰዓት ሽርሽር ምንድን ነው?» የሚሉን ጓደኞቻችን ይህን እንዲያስቡልን እንለምናለን። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፥ አናቃልለውም። መፈናቀሉንም፥ የኑሮውን ውድነትም እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ስለ ሕዝቡ የምንናገረው ከማን ጋራ ተነጋግረን ነው? በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ እየላከ ያስተምር ነበር፤ ከዚያ የተመለሱት ሰዎች ያዩትን ሲናገሩ የሚሰማቸው ነበረ። እኛ አንድ ዓመት የሚልከን የለም። ሁለት ቀን ግን በራሳችን መሄድ እንችላለን። በሁለት ቀን የሚታወቅ ነገር ጥቂት ነው፤ በዜሮ ቀን የሚታወቀው ግን ከዚያም ያንሳል።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞጆን፥ መቂን፥ ባቱን አልፎ ቡልቡላን ከተሻገሩ በኋላ በግራ ላንጋኖ፥ በቀኝ አብያታና ሻላ ይመጣሉ። የላንጋኖ ውኃ ወተት እንደ ገባበት ሻይ ነው፤ መልኩን ላየ ሰው ቆሻሻ ይመስላል፥ ነገር ግን ጭቃው በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖር ነው እንጂ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ብዙ ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። አስቸጋሪው ነገር ዳርቻውን ማግኘት ነው። ዳርቻው በሆቴሎችና በመዝናኛዎች ተይዟል፤ በየበሩ የመግቢያ ይጠየቃል፤ የመግቢያው ዋጋም ለተማሪ የታሰበ አይደለም። አጥር ተከትለን ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ ገበሬ ከከብቶቹ ማጠጫ አጠገብ እንድናድር ፈቀደልን፤ ልጆቹም ሌሊቱን ጠበቁን፥ ዋጋቸውን ሰጠናቸው።

የሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች ዕቃ ደልድለንበት ሦስቱ እኅቶቻችን እዚያ ተኙ፤ ወንዶቹ በተዋስነው ድንኳን፥ ሾፌራችን ደግሞ በጋቢናው። ትንኙ እንቅልፍ አልሰጠንም፤ አጎበር መያዝ እንደሚገባ ያወቅነው እዚያ ነው፥ አካባቢው ወባማ ነውና። ሆኖም ከመንጋቱ በፊት ተነሥተን ውኃው ዳር ስንቀመጥ የነበረው ጸጥታ በቤተ መጻሕፍትም ውስጥ አይገኝም። ሻይ አፈላን። ቨርጂኒያ ላለችው ልጅ የላክነው ፎቶግራፍ የዚያን ጊዜው ነው፤ «ምነው በሆነልኝ» ብላ መለሰች። እዚያም ከንፈር ይመጠጣል ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ አብያታ ተሻገርን። ሾፌራችን ከብዙ ዓመታት በፊት ረዳት ሆነው ሲሠሩ ውኃው የት ድረስ ይደርስ እንደ ነበረ በእጃቸው አመለከቱን። ከዚያ ቦታ ተነሥተን ወደ ውኃው ለመድረስ በተሰነጣጠቀ ነጭ ጭቃ ላይ ረጅም መንገድ ሄድን። ሐይቁ የሚመገበው ከዝዋይ በሚወጣው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚወጣው በሆራቀሎ ነው። ከላይ መስኖው ውኃውን ይወስዳል፤ ከሐይቁ ራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ኖሯል። ውኃው እያነሰ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆአቸውን ሠርተው ለምግብ ወደ አብያታ ይመጡ የነበሩት ይብራዎች ዓሣውን ሲያጡ ወደ ሌላ ሐይቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። አጠገቡ ያለው ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ስላለው እንደዚህ በቀላሉ አይነካም፤ አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፥ ትንሽ ሲጎድልበት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ሁለቱም የሚገኙት በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተከለለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው።

በዚያ ነጭ ጭቃ ላይ ቆመን ብዙ ተናገርን። ስለ መንግሥት ተናገርን፥ ስለ ፋብሪካ ተናገርን፥ ስለ ተቆረጠው ግራር ተናገርን። ከዚያ ወደ መኪናችን ተመለስንና በመንገድ ዳር ከተደረደሩት ጆንያዎች አራት ጆንያ ከሰል ገዝተን ጣራው ላይ ጫንን። አንዱ ለእናቱ ነው፥ አንዱ ለአክስቱ ነው፤ ዋጋው ከከተማው ይረክሳል። ዝዋይ እስክንደርስ ድረስ ማንም ነገሩን አላነሣውም። ያነሣችው ከእኅቶቻችን አንዷ ናት፤ «ከሰሉ የየትኛው ግራር ይሆን?» አለች። የመለሰላት አልነበረም። ከላንጋኖ የሚመለሰውን መኪና ሁሉ ጣራውን ተመልከቱ፤ እኛም እንደዚያው ነበርን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። አሥራ አንድ ነበርን ብለናል። ስም ስንመዘግብ ግን አሥራ አራት ነበርን። በመጨረሻው ሳምንት አንዱ የቤት ሥራ በዛብኝ አለ፤ አንዷ አሞኛል አለች፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ገጠር ለማየት አልከፍልም፥ ከዚያ ነው የመጣሁት» ብሎ ቀለደ። እኛም ሣቅን። ይህ ልጅ የመንዝ ልጅ ነው። ስለ ጓሣ ያጫወተን እሱ ነበር፤ የመንዝ ሰዎች ያንን ደጋ ሣር ለብዙ ትውልድ በራሳቸው ሕግ ዘግተው እየጠበቁ፥ በተወሰነ ዓመት ብቻ ከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚያጭዱት፥ በዚህም ምክንያት ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እንዳሉበት የነገረን እሱ ነው። ሦስተኛው ጉዞአችን ወደዚያ እንዲሆን አስበን ነበር። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ስለ መንገዱ የምንሰማው ወሬ አላስደፈረንም፤ እሱም ቤተ ሰቦቹን ካየ ቆይቷል።

በኋላ ለካ የቤት ሥራውም፥ ሕመሙም፥ ቀልዱም አንድ ነገር ኖሯል። መዋጮው ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የኪራዩም ዋጋ አብሮ ወጣ፤ ለአሥራ አራት የተከፈለው ሒሳብ ለአሥራ አንድ ሲከፈል ደግሞ ሌሎቹንም አስጨነቀ። እኛ መዋጮውን እኩል አድርገን መደልደላችን ፍትሕ መስሎን ነበር። ከቤቱ በየወሩ የሚላክለትና በካፌ ዳቦ የሚውል ልጅ እኩል ቢከፍሉ እኩልነቱ የቱ ላይ ነው? የመንዙን ልጅ ይቅርታ ስንጠይቀው አልተቆጣም። «ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር» ብቻ አለን። አልጠየቅነውም፤ ቀልዱ ስለ ጣፈጠን ሣቅን።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን ነገር በእጁ እንዲወስደው እናመለክታለን። ለዓመቱ መዝጊያ ምሽት ለድምፅ ማጉያና ለመድረክ ማስጌጫ የሚወጣውን ገንዘብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከዚያ ጥቂቱ ቢቀነስ ለሚኒባስ ኪራይ መነሻ ይሆናል። የጎደለውን ተጓዦቹ ስም ሳይጻፍበት በፖስታ ይሙሉት፤ ያለው ይጨምር፥ የሌለው ባዶውን ፖስታ ያስገባ፤ ማን ምን እንዳስገባ የሚያውቅ አይኑር። የተጓዦቹም ስም ገንዘብ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋ። በየጉዞው የሚሄድበትን አገር ቋንቋ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ልጅ ይኑር፤ እሱም እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን እንደ አለቃ ይቆጠር። ከሰልን በተመለከተ ጣራው ባዶ ሆኖ እንዲመለስ እንጠይቃለን፤ ይህ እናቶቻችንን እንደማያስደስት እናውቃለን።

ማኅበሩ ከገንዘቡ ይልቅ የሚረዳን በሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ እኅቶቻችን ሁለቱ ላንጋኖ የመጡት ለቤተ ሰቦቻቸው «የትምህርት ክፍሉ ጉዞ ነው» ብለው ነው። ውሸቱን አናመሰግነውም። ነገር ግን «ከጓደኞቼ ጋራ ውጭ ላድር ነው» ብትል የምትፈቀድላት ስንት ናት? ወንዱን የት አደርክ የሚለው የለም። ማኅበሩ የተጓዦቹን ስም፥ የሾፌሩን ስልክ፥ የማደሪያውን ቦታና የመመለሻውን ሰዓት ጽፎ ማኅተም መትቶ ለወላጆች ቢሰጥ ብዙ በር ይከፈታል። በአገራችን ማኅተም ያለበት ወረቀት የማያረጋጋው አባት ገና አልተወለደም። ወላጆች የሚፈሩት ግን ሌሊቱን ብቻ አይደለም፥ መንገዱንም ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው ቅርብ ቅርቡን እንላለን።

የመጀመሪያው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ቢሆን ብለናል። ቅርብ ነው፥ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል፥ ነዳጁም አይበዛም። በ15ኛው ምዕት ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉበት ይባላል፤ የታሪክ ክፍል ልጆች መጥተው እውነቱን ይከራከሩልን። ያንኑ የላንጋኖውን ሾፌር አነጋግረናቸዋል። እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን ቅዳሜያቸውን በሙሉ አልሸጡልንም፤ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ዝግጅት ስላለ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤታቸው መግባት አለባቸው። የምንነሣው እንግዲህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ፖስታው ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ይገኛል።